የአባቴ አፍንጫ

አባቴ ኦቦ ገርባ የሚተዳደረው በመትፋት ነበር። ቀልድ አይደለም። ነጭ ወይን አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፋዋል፤ ለዚህም በየወሩ ደመወዝ ይቀበላል። ቡራዩ መጥታችሁ የእኛን ሰፈር ሰው የኦቦ ገርባ ቤት የት ነው ብትሉት፣ "የትኛው ገርባ፣ የሚተፋው?" ይላችኋል። ልጅ ሆኜ በዚህ አፍር ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ገበሬ ወይ ሹፌር ወይ ግንበኛ ናቸው፤ ትምህርት ቤት የአባታችሁን ሥራ ጻፉ ስንባል እኔ "ነጋዴ" ብዬ እጽፍ ነበር። እሱ ግን ቅር አይለውም። በጾም ወራት እንኳ የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ ይሠራል፤ ቄሱም ከጉሮሮ እስካልወረደ ድረስ ችግር የለም ብለውታል። ሌላው ሰው ለመጠጣት ይከፍላል፣ ለኔ ግን ላለመጠጣት ይከፈለኛል እያለ ይስቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥራው የአፍ ሳይሆን የአፍንጫ ነበር። የተወለደው ገፈርሳ አጠገብ ከሚያርሱ ቤተሰብ ነው። ሃያ ዓመት እንዳለፈው ሰበታ መንገድ ላይ፣ ለኤምባሲዎች መጠጥ የሚያስገባ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን ከመኪና ያወረደውን ሣጥን መሬት ላይ አስቀመጠና ይሄኛው ታሟል አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሸምገል ያለ አርመን ነበር። ምን ማለትህ ነው ቢለው፣ ርጥብ ጆንያ ይሸታል ብሎ መለሰ። ሣጥኑ ሲከፈት የአንዱ ጠርሙስ ቡሽ ሻግቶ መጠጡ እያንጠባጠበ ነው። አርመኑ የዚያኑ ዕለት ሌሎች ጠርሙሶች እየከፈተ ያስሸትተው ጀመር። አባቴም ከዚያ በኋላ ሣጥን ተሸክሞ አያውቅም።

ከሁሉም የወደደው ቡርጎኝ ከሚባለው የፈረንሳይ አገር የሚመጣውን ነጭ ወይንና በእሱ ወግ ሌላ አገር የሚጠመቀውን ነበር። አብዛኛው ነጭ ወይን እንደ ዳቦ ነው ይላል፤ ትኩስ ትኩሱን ካልቀመሱት አይረባም። ከዚህኛው ዓይነት ግን ጥቂቱ አምስትም አሥርም ዓመት ጨለማ ውስጥ ተኝቶ እየተሻለው ይሄዳል። ችግሩ የትኛው እንደሚሻለው ገና በለጋነቱ ማወቅ ነው። ሰዎች የሚገዙት መጀመሪያ ቀን ደስ ያላቸውን ነው፤ አባቴ ግን በቶሎ ደስ የሚያሰኘውን ይጠረጥራል። መጀመሪያ የሚፈልገው ጎምዛዛነቱን ነው፤ ያልጎመዘዘ ነጭ ዕድሜ የለውም ይላል። ዝም ያለውን፣ ሽታውን የደበቀውን ደግሞ አይንቅም። ጠርሙሱን ከፍቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ተሽሎ ከተገኘ ይገዛል፣ ከባሰበት ይተወዋል። አዲስ ሆኖ ሳለ ወድቆ የተቀጠቀጠ ፖም የሚሸት ከሆነ ግን ማሳደርም አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ሳያድግ አርጅቷል።

ስለ በርሜሉ ጭስ የሚያውቀውን ግን ከአርመኑ አልተማረም። እናቱ ወተት ከማለቧ በፊት ጮጮዋን በወይራ ጭስ ታጥን ነበር። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቃል፤ በልኩ የታጠነ ዕቃ ወተቱን ያቆየዋል፣ ደስ የሚል ጣዕምም ይሰጠዋል። ሰነፍ የሆነች ሴት ደግሞ ዕቃዋን በደንብ ሳታጥብ ጭሱን ታበዛና የተበላሸውን ትሸፍንበታለች። እናቱ ሰው ቤት ወተት ሲቀርብላት ሳትጠጣ አሽትታ ትመልስ እንደነበር ይነግረን ነበር። ወይኑም በእንጨት በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። አባቴ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አድርጎ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከጭሱ ሥር ምን አለ?

መጋዘኑ ሲዘጋ አቶ ታመነ የሚባል ሰው ወሰደው። አቶ ታመነ ሱሉልታ ላይ ለውጭ ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ሠርቷል፤ ሯጮች ለማየት የሚመጡ ፈረንጆችና የኤምባሲ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ይሞሉታል። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ አባቴ ዳገቱን አስቆፍሮ የወይን ማቆያ ምድር ቤት አሠራ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ከአስመጪዎች ናሙና ይመጣል፣ እሱ ይመርጣል፣ አቶ ታመነ አንድም ቃል ሳይናገር ይገዛል። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በሚኒባስ እየተመላለሰ እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ።

እናቴ ወይዘሮ ተረፈች ጌታን ከተቀበለች ወዲህ መጠጥ ወደ ቤቷ እንዲገባ አትፈልግም። ለሃያ ዓመት ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ የሚያድር ጠርሙስ ካለ ከጓሮው ሰርቪስ አያልፍም። እሷ ዋናው ቤት ሆና ትጸልይለታለች፣ እሱ ሰርቪስ ውስጥ ጠርሙሱን ይጠብቃል። እኔ ኤቢሴ፣ አንድ ልጃቸው፣ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ነው ያደግኩት።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ማስተር ፕላኑን በመቃወም የተነሣው ነገር ታኅሣሥ ላይ ቡራዩ ደረሰ። አዲስ አበባ ሰፍታ ዙሪያዋን ልትውጥ ነው የሚለውን ወሬ እኛ ዘንድ ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ የአባቴ ወንድሞች መሬት ለሦስተኛ ጊዜ ተለክቷል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገዱ ጧት ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ በድንጋይ ይዘጋል። አባቴ ግን ሥራ አይቀርም። አትሂድ ብንለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ሐሙስ ከሱሉልታ ሲመለስ ሚኒባሱ ቡራዩ መግቢያ ላይ አላልፍም ብሎ አወረዳቸው። ጎማ ይቃጠላል፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ፣ አስለቃሽ ጭስ ይተኮሳል። አባቴ በማግስቱ ሊፈትነው ያሰበውን የተከፈተ ጠርሙስ በካፖርቱ ሥር ይዞ በጎን በኩል ሊያልፍ ሞከረ። ከታጠቁት ፖሊሶች አንዱ ጠርሙሱን አየና ቤንዚን መሰለው። አስቁሞ አልጠየቀውም፤ በዱላ መታው። ሰው ሲመታ እጁን ወደ ጭንቅላቱ ያነሣል አይደል? አባቴ በሁለት እጁ ጠርሙሱን አቀፈ። ሁለተኛው ዱላ ግንባሩ ላይ አረፈና በጀርባው ወድቆ ጭንቅላቱ ከአስፋልቱ ተጋጨ።

ያነሣው ጓደኛው ከድሩ ነው። ከድሩ መንገድ ዳር የቅመም ሱቅ አለው፤ እሱና አባቴ ለሠላሳ ዓመት አብረው ተሟግተው፣ አብረው ስቀዋል። የሱቁን በር ከፍቶ ጎትቶ አስገባው፣ ጭንቅላቱን በሻሽ አሰረለት። ጠርሙሱ አልተሰበረም ነበር። ከድሩ ያንን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ነክቶት አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን በጨርቅ ይዞ ከሱቁ ጀርባ አስቀመጠለት። እኛ ስንደርስ "ኦቦ ገርባ፣ ጭንቅላትህን ትተህ ጠርሙስ ትጠብቃለህ?" እያለ ያለቅስ ነበር።

ቁስሉ በሦስት ሳምንት ዳነ። እሱ አይደለም ነገሩ። አንድ ጧት እናቴ ምድጃው ላይ ሽሮ ረስታ ጎረቤት ሄዳ፣ እኔ ከውጭ ስገባ ቤቱ በጢስ ተሞልቶ አባቴ መሐሉ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ዓይኑ እያነባ ነው። ምን ሆነህ ነው አልኩት። ዓይኔን አሳከከኝ አለኝ። ድስቱን አንሥቼ አፍንጫው ሥር አደረግሁለት። ረጅም ጊዜ ሳበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ያን ጊዜ አወቅን።

ሐኪሙ ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚሄዱት ቀጫጭን ጅማቶች ይበጠሳሉ፣ ማሽተቱ አንዳንዴ በዓመት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አይመለስም አለ። ከድሩ ሰምቶ ከሱቁ ያለውን ሁሉ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልሎ መጣ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ድንብላል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ አሸተተ። ቅርንፉዱ ላይ ሲደርስ ይሄኛው ትንሽ ትንሽ መጣልኝ አለ። ከድሩ አላህን አመስግኖ ደስ ብሎት ሄደ። በሩ ሲዘጋ አባቴ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ሁሉም አንድ ናቸው አለኝ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰፈሩ በደስታና በሐዘን መካከል ነበር፤ የሞቱት ሞተዋል፣ የታሰሩት ታስረዋል። ከተማሪዎቼ አንዱ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አልመጣም፣ ወንበሩም ባዶ እንደሆነ ዓመቱ አለቀ። አባቴ ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ሬዲዮውን ዘጋው።

"ፕላኑ ከቀረ ጥሩ ነው" አለ። "የኔን አፍንጫ ማን ይመልሳል?"

ለአቶ ታመነ አልነገረውም። እኔም እንዲነግረው አልፈለግሁም። አፍንጫ የሌለው ወይን መራጭ ማን ያስቀምጣል? ደመወዙ ብቻ አይደለም የታየኝ፤ የመደብር ዘበኛ ሆኖ እኛ እንዳናየው አንገቱን አቀርቅሮ ሲቀመጥ ታየኝ። እሱ ራሱ፣ ከዚህ ሥራ ሌላ እኔ ምንም አይደለሁም ብሎኛል። ስለዚህ የካቲት ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። እናቴ አፍንጫዋን ወደ ብርጭቆ አታስጠጋም፤ ለምነናታል፣ በጌታ ስም አትለምኑኝ ብላለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ናሙናዎቹ ሲደርሱ አባቴ መንገዱ ስለማያስተማምን እቤት በጸጥታ ልያቸው ብሎ አቶ ታመነን አስፈቀደው። ስድስት ጠርሙስ ነበር፤ ሁለቱ ከቡርጎኝ፣ አራቱ በቡርጎኝ ወግ የተጠመቁ፣ ከደቡብ አፍሪካ። ከስድስቱ አንዱ ተመርጦ አርባ ሣጥን ይገዛል፣ ምድር ቤት ገብቶ ለዓመታት ይተኛል። ከሰርቪሱ ክፍሎች ትልቁ፣ ተከራዮቹ በግርግሩ ፈርተው ስለወጡ ባዶ ነበር። ጠረጴዛ አስገባን፣ ነጭ ወረቀት አነጠፍን። ቅባት እንዳትቀቢ፣ ሽንኩርት እንዳትነኪ ብሎኝ ስለነበር ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ ወጥ ቤት አልገባሁም።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እኔ አሸትታለሁ፣ እሱ ይጠይቀኛል፤ እሱ ይቀምሳል፣ ጎምዛዛነቱን በምላሱ ይለካል፣ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ አዘንብሎ ያያል። የፈረንጅ ቃል እንዳትፈልጊ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ አለኝ። የመጀመሪያው ሎሚና ሣር ነበር። ሁለተኛው ዝናብ የመታው ድንጋይ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም አልኩት፤ ቀምሶ ምራቁ እስኪሞላ ጎመዘዘውና ይሄንን አቆዪው አለ። ደክሞት ነበር። እኔ በምናገረውና እሱ ድሮ ሲሸተው በነበረው መካከል ያለው ገደል ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር፤ እንደ ዕውር ሰው በእጄ እየመራሁት ነው።

ሦስተኛውን ብርጭቆ ሳነሣ ሳላስበው ሳቅሁ።

ምንድን ነው አለኝ። ጮጮ ነው አልኩት። አሁን የታጠነ የወተት ጮጮ፣ ወይራው ገና ሳይበርድ ወተት የተጨመረበት። ገፈርሳ አጎቶቼ ቤት ክረምቱን ሳሳልፍ ጧት ጧት የሚሸተኝ ያ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ዓመታት አልፈዋል፤ መሬቱም ግማሹ ሄዷል። ያንን ሽታ ሰርቪስ ውስጥ፣ ከጠርሙስ፣ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

አባቴ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ደግመሽ ንገሪኝ አለ። ነገርኩት። ጭሱ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ቅቤው ትኩስ ነው ወይስ የከረመ? እኔ እየነገርኩት እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ይስብ ጀመር፣ እንደ ድሮው። ፊቱ ተፈታ። ከታኅሣሥ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁበትም።

"ኢንተላ ኮ" አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። "መጣልኝ። ወላሂ የእማዬ ዕቃ መጣልኝ።" ከከድሩ የወሰዳት መሐላ ነች። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ ነው እኔ የሠራሁትን የሠራሁት። ምክንያቱም ከጭሱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ። መጀመሪያ አልታወቀኝም፣ ብርጭቆው ሲሞቅ ግን ወጣ፤ ሣር ላይ ወድቆ ጎኑ የተቀጠቀጠ፣ መበስበስ የጀመረ ፖም። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲናገር ሰምቻለሁ።

እሱም አልዘነጋም። እንባውን በመዳፉ ጠርጎ ብርጭቆውን ወረቀቱ ላይ አዘነበለ፤ ለዕድሜው ቀለሙ ጠቆር ብሏል አለ። ዓይኑ ነግሮት ነበር። አፍንጫ የሌለው ሰው ዓይኑን ማመን ነበረበት፣ እሱ ግን ወደኔ ዞረ። ከጭሱ ሥር ምን አለ አለኝ።

"ወተት" አልኩት።

"ፖም የለውም? ማሎ፣ እባክሽ በደንብ አሽትቺ።"

እንደገና አሸተትኩ። ፖሙ አፍንጫዬ ሥር ቁጭ ብሏል። "የለውም አባዬ" አልኩት። አንጀቴን በልቶት ነበር። ይህንን ደስታ ከእጁ ነጥቄ፣ ይሄም የተበላሸ ነው፣ የእናትህም ዕቃ አይደለም የሚል አፍ አልነበረኝም። ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ልናገር አልፈልግም፤ ይኸው ነው።

ጠርሙሱ አደረ። በማግስቱ ሳሸትተው ፖሙ ብሶበት፣ ጭሱ ሳስቶ ነበር። አባቴ ተሻለው ወይስ ባሰበት አለኝ። ተሻለው አልኩት። የሁለተኛው ቀን ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ሁለተኛውን፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚለውን ጠርሙስ ወደ ጎን አደረገና ለአቶ ታመነ ሦስተኛው ይገዛ ብሎ በእጁ ጻፈ።

ወይኑ ግንቦት ላይ ገባ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ሱሉልታ እሄድ ነበር፤ የማሸትትለት እኔ ነኝ፣ ለሰዉ ግን የጠርሙስ መለያ ወረቀት ልትጽፍልኝ ነው የምትመጣው ይላል። አርባው ሣጥን ምድር ቤት ሲደረደር በእያንዳንዱ ላይ እጁን እያሳረፈ አለፈ። ከዚያ ነሐሴ መጣ፣ መንገዱም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ፈረንጆቹ ሱሉልታ መውጣት አቆሙ። አባቴ የምድር ቤቱን በር ከፍቶ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ሲከፋው ስለዚያ ሦስተኛ ጠርሙስ ያወራኛል፤ አሥር ዓመት ይቆያል፣ እኔ ብሞት እንኳ አንቺ ታስቀምሺበታለሽ ይለኛል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።  አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ሣጥኖቹ ቶሎ እንዲሸጡ ማድረግ ይችል ነበር። አልነገርኩትም፣ ቀኑ አለፈ።

በ2009 ጥር ላይ ነገሩ ረገብ ሲል አቶ ታመነ እንግዶቹን ለመመለስ ምሳ አዘጋጀ፤ ከኤምባሲዎች ሃያ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። ምን ይቀርብ ሲባል የዓመቱን ምርጫ ያቅርቡ አለ፤ በጋሽ ገርባ ምርጫ ይኮራ ነበር። አባቴ ገና ነው፣ ይቆይ አለው። አቶ ታመነ አንድ ሣጥን ብቻ ይከፈት አለ።

እኛ ምድር ቤት ነበርን። ከላይ የሰው ድምፅ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አቶ ታመነ አንድ ብርጭቆ ይዞ ደረጃውን ወረደ። አልተቆጣም፤ እንደተቀየመ የሚያሳይ ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። ይቅመሱት ብሎ ሰጠው።

አባቴ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው። ቀለሙ ሻይ ሆኗል። አፍንጫው ሥር አደረገው፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ሲያደርገው እንደቆየው ሳበ፤ ቀመሰ፤ የሚተፋበት ባልዲ ሩቅ ስለነበር ዋጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። አቶ ታመነ አጠገባችን ስለቆመ አባቴ ሊጠይቀኝ አይችልም። እኔም ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፣ መሬት መሬት አየሁ። መልሱን ያገኘው ያኔ ነው።

"ሞቷል" አለ አባቴ።

አቶ ታመነ ስድስት ጠርሙስ እንደተከፈተና ስድስቱም አንድ እንደሆኑ ነገረው። እንግዶቹ ብርጭቆውን ገፍተው ውኃ ጠይቀዋል፤ አንዷ ይህ ሲገዛም ጤነኛ አልነበረም ብላለች። "ሲመርጡት አልሸተተዎትም?" አለው።

አባቴ ብርጭቆውን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠ። "ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም" አለ።

"ታዲያ ማን መረጠው?"

"እኔ ነኝ።"

አቶ ታመነ ወደኔ ተመለከተ። አባቴ እንደገና "እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አልነበረም" አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አቶ ታመነ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ቢነግሩኝ ኖሮ ብሎ ጀምሮ ነበር። ቁልፉን ግን ተቀበለው።

በሚኒባሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጦጦን ወረድን። ልክ አዲሱ ገበያ ልንደርስ ስንል ወደ መስኮቱ እያየ ያን ጊዜ ፖም ነበረው አለኝ። ነበረው አልኩት። በማግስቱስ? በማግስቱም አልኩት። ለምን ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ፤ ደስ ብሎህ ስላየሁ ነው ልለው አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። ረዳቱ ሂሳብ ሲል የሁለታችንንም ከፈለና ወረድን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። የቀረው ሌላ ነገር ነው። ከተመታ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቀኝ ነበር የሚውለው፤ ዳቦው ደረሰ ወይ፣ ጎረቤት ምን እየሠሩ ነው፣ ዝናቡ ከየት በኩል ይሸታል፣ ሸሚዜ ይታጠብ ወይስ ይለበስ። ይሰለቸኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ አንዳንዴ እጮህበታለሁ። ያ ሁሉ ጥያቄ ከሱሉልታ የተመለስን ዕለት ቆመ። ሸሚዙን ሳይጠይቅ ያወልቃል። ወጡ ያረረ ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ ይበላል። በከድሩ ሱቅ በር ላይ ወንበር ይዞ መዋል ጀመረ፤ ከድሩ ዛሬም አንዳንድ ነገር ያስሸትተዋል፣ እሱም ትንሽ ትንሽ ይለዋል። እናቴ እግዚአብሔር ከመጠጥ ቤት አወጣልኝ ብላ ስታመሰግን ዝም ብላ እንድትተወኝ እመኛለሁ።

አገባሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለድኩ። አባቴ ሊያየው ሲመጣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ሕፃኑን ተቀብሎ፣ ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት፣ አናቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ለረጅም ጊዜ እንዲያው ቆየ። ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ከእንግዲህ የማየውን ብቻ፣ የሚሸተኝን ብቻ ልነግረው ለራሴ ምዬ ነበር። አልጠየቀም።

"አሁን አስታውኮ ስለነበር ትንሽ ይኮመጥጣል አባዬ" አልኩት። "ከሥሩ ግን እንደ ሞቀ ዳቦ ነው።"

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። የማያውቀው ሰው መንገድ ሲያሳየው እንደሚያመሰግን ዓይነት፣ በጨዋነት ፈገግ አለ።

"እንዳልሽ ይሁን" አለና ልጁን መለሰልኝ።